«በአይጥ ተሞክሮ ጉዳት የለውም» ሲባል ምን ማለት ነው?

የአባቷ_ልጅ | ሰኞ፣ ማታ 3:20

ሰላም ለሁላችሁ። አባዬ 67 ዓመቱ ነው። ስኳር ከያዘው 11 ዓመት ሆኖታል። ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላሚድ ይወስዳል፤ ለደም ግፊቱ ደግሞ ኢናላፕሪል። ከሁዳዴ ወዲህ ግን አንድ ዘመዳችን ያመጣለትን የቅጠል ዱቄት ጀምሯል። ጠዋት፣ ቀን እና ማታ አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ በሞቀ ውሃ በጥብጦ ይጠጣል።

ላስቲኩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት «በላቦራቶሪ አይጦች ላይ ተሞክሮ ምንም ጉዳት እንደሌለው የተረጋገጠ» ይላል። የተክሉ ስም አልተጻፈም። ሻጩ ጋ ደወልኩ። «ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው የተሞከረው፣ አንድም አይጥ አልሞተም» አለኝ።

አባዬ ደስ ብሎታል። ስኳሬ ወረደልኝ ይላል። እኔ ግን ፈርቻለሁ። ባለፈው ሳምንት ሁለት ሌሊት ላብ በላብ ሆኖ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ ተነሳ። ስኳር በጥብጠን ሰጠነውና ተረጋጋ። አይጥ ካልሞተ ለአባዬ ደህና ነው ማለት ነው? የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።

ሲስተር_ብ | ሰኞ፣ ማታ 3:41

እህቴ፣ ስለ አይጡ ሌሎች ይነግሩሻል። እኔ ስለ ሌሊቱ ላብ ልንገርሽ። የጻፍሽው ስኳር ከመጠን በላይ ሲወርድ የሚታይ ምልክት ነው። ግሊቤንክላሚድ ብቻውን እንኳ ይህን ያደርጋል። ስኳር የሚያወርድ ቅጠል ሲጨመርበት አደጋው ይብሳል። ዛሬ ማታ ከመተኛታቸው በፊት ለኪያቸው። ከ70 በታች ከሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ ስጪያቸውና ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኪ። ራሳቸውን ከሳቱ ግን ምንም ነገር በአፋቸው አታስገቢ፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይዘሻቸው ሩጪ።

ዱቄቱን ለጊዜው ያቁሙት። የሐኪም መድኃኒታቸውን ግን በራሳችሁ እንዳትነኩት። ነገ ጠዋት ዱቄቱን ከነላስቲኩ ይዛችሁ ሐኪማቸው ጋ ሂዱ። ሳትደብቂ ንገሪው፤ አብዛኛው ሰው ይቆጣኛል ብሎ ይደብቃል።

ነጭ_ጋውን | ሰኞ፣ ማታ 5:10

ሲስተር ያለችው ይቅደም። እኔ የጠየቅሽውን ልመልስ፤ ሥራዬ እሱ ነውና። ፋርማኮሎጂ ነው ያጠናሁት። ከተመረቅኩ ጀምሮ የዕፅዋት ጭማቂ ለአይጥ እየሰጠሁ ጉዳት ማድረስ አለማድረሱን ስመረምር ኖሬያለሁ።

«አንድም አይጥ አልሞተም» የሚለው እውነት ሊሆን ይችላል። ሰውዬው ላይዋሽ ይችላል። ግን የትኛው ሙከራ ላይ ነው ያልሞቱት? ብዙ ጊዜ እንዲህ የሚባለው ስለ መጀመሪያውና ስለ አጭሩ ሙከራ ነው። አኪዩት እንለዋለን። አንድ ጊዜ በብዛት ቢወሰድ ወዲያው ይገድላል ወይ፣ እሱን ብቻ ነው የሚጠይቀው።

እንዴት እንደሚሠራ ላሳይሽ። ብዙዎቻችን የምንከተለው ኦኢሲዲ የተባለውን ዓለም አቀፍ የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት መመሪያ ቁጥር 425 ነው። አንዲት ያልወለደች ሴት አይጥ ትመረጣለች። ሴቷ የምትመረጠው አብዛኛውን ጊዜ ለመርዝ በመጠኑ ቶሎ ስለምትጋለጥ ነው። ለሦስትና አራት ሰዓት ምግብ ይነሳል፣ ውሃ ግን አይከለከልም። ከዚያ ትመዘናለች። 25 ግራም ናት እንበል። በኪሎ 2000 ሚሊግራም ሲሰላ ለእሷ የሚደርሳት 50 ሚሊግራም ነው። ያንን በሩብ ሚሊሊትር ውሃ እበጠብጠዋለሁ። ጥቁር አረንጓዴ፣ ወፍራም ነገር ይሆናል፤ ሲሪንጁ ውስጥ በግድ ነው የሚገባው። ማጅራቷን በሁለት ጣት ይዤ፣ ጫፉ ድቡልቡል የሆነ የብረት ቱቦ በአፏ አሳልፌ ጨጓራዋ ውስጥ እለቀዋለሁ።

ከዚያ ቁጭ ብዬ አያታለሁ። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ዓይኔን አልነቅልም። ጸጉሯ ቆመ? ትንፋሿ ፈጠነ? ትንቀጠቀጣለች? ሰጋቱራው ላይ ተቅማጥ አለ? እስከ አራተኛው ሰዓት ድረስ በቅርብ፣ ከዚያ በየቀኑ። በ48 ሰዓት ውስጥ ደህና ከሆነች ሁለተኛዋ ትቀጥላለች፣ ሦስተኛዋ፣ እስከ አምስት። ሁሉም ለ14 ቀን ይታያሉ። አለቀ።

አሁን አነጻጽሪው። እነሱ አንድ ጊዜ ነው የወሰዱት። አባትሽ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከሁዳዴ ጀምሮ። እነሱ ጤነኛ ወጣት አይጦች ናቸው፤ ስኳር የለባቸውም፣ ግሊቤንክላሚድ አይውጡም፣ ኩላሊታቸው 67 ዓመት አልሠራም።

የምትፈልጊውን ጥያቄ የሚመልሱት ረጅሞቹ ሙከራዎች ናቸው። የ28 ቀን አለ፣ የ90 ቀን አለ። እዚያ ትልልቆቹን አይጦች (ራት የሚባለውን ዝርያ) ነው የምንጠቀመው፤ ወንድም ሴትም። በአራት ይከፈላሉ፤ አንዱ ክፍል መበጥበጫውን ብቻ ይወስዳል፣ ሌሎቹ ትንሽ፣ መካከለኛና ከፍተኛ መጠን። በየቀኑ ይሰጣቸዋል። በመጨረሻ በማደንዘዣ ተኝተው ደማቸው ይቀዳል፣ ጉበታቸው፣ ኩላሊታቸው፣ ልባቸው፣ ጣፊያቸው ወጥቶ ይመዘናል፣ ፎርማሊን ውስጥ ይገባል፣ ተቆርጦና ቀለም ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ይታያል።

አንድ ጊዜ ያየሁትን ልንገርሽ። ተክሉን አልጠራም። 28 ቀን ሙሉ አይጦቹ ጥሩ በሉ፣ ክብደት ጨመሩ፣ ጸጉራቸው ያብረቀርቅ ነበር። ኬጁን ስከፍት ተሽቀዳድመው ይመጡ ነበር። ጉበታቸውን ሳወጣውም ለስላሳ፣ ቀይ ቡኒ፣ ያማረ። የደሙ ውጤት ሲመጣ ግን ከፍተኛውን መጠን የወሰዱት ላይ ኤኤልቲ፣ ማለትም ጉበት ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚበዛው ኢንዛይም፣ ከፍ ብሏል። ማይክሮስኮፕ ሥር ስናየው በመካከለኛዋ የደም ሥር ዙሪያ ያሉት የጉበት ሴሎች አብጠዋል፣ ውስጣቸው ነጭ ነጭ ቀዳዳ አለው። አንዳቸውም አልሞቱም። አንዳቸውም የታመሙ አይመስሉም ነበር።

የጎጃሙ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:55

በጥሞና አነበብኩ። ነጭ ጋውን፣ ዕውቀትህን አከብራለሁ። ግን አንድ ነገር ሁልጊዜ ያመኛል። አያቴ በአካባቢው የታወቁ መድኃኒት አዋቂ ነበሩ። ሰው «ሥር ማሽ» እያለ የሚያቃልላቸው ዓይነት። እሳቸው ሳያውቁ የሰጡት ነገር አልነበረም። ይህን ለነፍሰ ጡር አትስጥ፣ ይህን ከጨረቃ በፊት አትቁረጥ፣ ይህን በቁንጥር እንጂ በእፍኝ አትለካ ይሉኝ ነበር። ከበዛ ማርከሻው ምን እንደሆነ ያውቁ ነበር። ይህ ሁሉ በሰው ላይ በስንት መቶ ዓመት የተገኘ ዕውቀት ነው። ሰው ላይ የታወቀውን እንደገና አይጥ ላይ መሞከር ምን ይጨምራል? ለአባቶቻችን ክብር ማጣት አይሆንም ወይ?

ነጭ_ጋውን | ማክሰኞ፣ ጠዋት 4:30

ወንድሜ፣ አያትህ «ለነፍሰ ጡር አትስጥ» ያሉት ለእኔ ትልቅ መረጃ ነው። እኛ ሙከራ ስንጀምር መጀመሪያ የምንጠይቀው እንደ እሳቸው ያሉትን ነው። መጠኑን ከእነሱ ነው የምንነሳው። ማርከሻ የሚለው ቃል ራሱ ብዙ ይነግረኛል፤ ማርከሻ ያለው መድኃኒት መርዝነቱ የታወቀ ነው ማለት ነው።

ግን ሰው በልምድ የሚያውቀው ቶሎ የሚታየውን ነው። ጠዋት ጠጥቶ ከሰዓት የተቅማጠ፣ የወደቀ፣ ያስወረደች ይታወቃል። ከሁለት ዓመት በኋላ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ግን ያንን ቅጠል አያስታውስም። «ምቀኛ ነው»፣ «ቡዳ ነው»፣ «ዕድሜ ነው» ይባላል።

ኮሶን ተመልከት። ከኮሶ በላይ የተፈተነ የለንም። ሀገሩ ሁሉ ለዘመናት በየጊዜው ለትል ሲጠጣው ኖሯል። ምሬቱ በሰው ፊት ላይ ሲታይ «ኮሶ የጠጣ ይመስል» እስከማለት ደርሰናል። ነገር ግን በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ሐኪሞች ኮሶ ጠጥተው ዓይናቸው የተጎዳ ሰዎችን በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ዘገቡ። እ.ኤ.አ. በ1985 ደግሞ ተመራማሪዎች ለጫጩቶች ኮሶ ሰጡ፤ በእንቆቆም ውስጥ የሚገኘውን ኤምቤሊንንም ሞከሩ። ጫጩቶቹ እያዩ የመለየት ችሎታቸው ተጎዳ፣ ሬቲናቸውም፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው የዓይናቸው የውስጥ ክፍል፣ ተጎዳ። አያቶቻችን አላዋቂ ስለሆኑ አይደለም ይህ ያለፋቸው። ዓይን ቀስ ብሎ ሲደክም ከየት እንደመጣ በዓይን አይታይም።

ሌላም ልጨምር። በሰሜን ምዕራብ ትግራይ፣ ታህታይ ቆራሮ ውስጥ፣ ከ2001 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሰዎች ሆዳቸው እየተነፋ፣ ጉበታቸው እየተጎዳ ይሞቱ ነበር። ለዓመታት ምክንያቱ ጠፋ። በኋላ ተመራማሪዎች ጣታቸውን የቀሰሩት ከእህሉ ጋር በሚቀላቀል አረም ውስጥ ባለ ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ የሚባል መርዝ ላይ ነው። በየቀኑ በትንሽ በትንሹ ሲበላ ነው ጉበቱን የሚያበላሸው። በ14 ቀን፣ በአንድ ጉርሻ፣ አይታይም።

ፋርማሲስት_ሜሪላንድ | ማክሰኞ፣ ከሰዓት 10:15

እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ነው የምሠራው። እናቶች ከአዲስ አበባ በሻንጣ የመጣ ዱቄት በላስቲክ ይዘው ይመጣሉ። «ልጄ፣ ይሄ ከመድኃኒቴ ጋር ይጣላል?» ይሉኛል። እኔ ግን ሳላውቀው ምን ልበል? ዱቄት ሁሉ አረንጓዴ ነው።

ለዚህ ነው በእህታችን ጽሑፍ ውስጥ ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ የተክሉ ስም የለም ያለችው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብራስልስ ውስጥ የሆነውን ፋርማሲ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። በአንድ የክብደት መቀነሻ ክሊኒክ የቻይና ዕፅ ያለበት ክኒን ይሰጥ ነበር። ከመቶ በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ኩላሊታቸው ተበላሸ። ብዙዎቹ ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ወይም ንቅለ ተከላ አስፈለጋቸው፤ በኋላም በሽንት ቱቦ ካንሰር የተያዙ አሉ። ምክንያቱ የስም መመሳሰል ነበር። መግባት የነበረበት ሀን ፋንግ ጂ ነው፣ የገባው ጓንግ ፋንግ ጂ። ሁለተኛው አሪስቶሎኪክ አሲድ የሚባል ኩላሊት የሚጎዳ መርዝ አለበት።

አሁን በእኛ ቋንቋ አስቡት። ግራዋና ግዛዋ። አንድ ፊደል ነው የሚለያቸው። ተክሎቹ ግን ዝምድና የላቸውም። ደርቀው፣ ተወቅጠው፣ በላስቲክ ታስረው ሲመጡ ማን ይለያቸዋል? አይጥ ላይ የተሞከረው አንዱ ሆኖ ላስቲኩ ውስጥ ያለው ሌላው ቢሆንስ?

የአባቷ_ልጅ | ማክሰኞ፣ ማታ 2:05

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ሰኞ ሌሊት ለካነው፤ 52 ነበር። ሲስተር እንዳለችው ስኳር ሰጠነው፣ የደሙ ስኳርም ወጣ። ዛሬ ጠዋት ሐኪሙ ጋ ሄድን። ግሊቤንክላሚዱን ለጊዜው አስቆመው፣ የኩላሊትና የጉበት ምርመራ አዘዘ። አልተቆጣም። እንዲያውም ዱቄቱን አሽትቶ አየው፣ ወረቀቱንም አነበበው።

ሻጩ «ማስረጃ» ያለውን የአንድ ጥናት ፎቶ በቴሌግራም ላከልኝ። እንግሊዝኛው ከባድ ነው፣ ግን አንድ ነገር አየሁ። የተጠናው ሥሩ ነው። በሜታኖል የወጣ ይላል። እኛ ያለን ደግሞ ቅጠል ነው። ይህ ልዩነት ያመጣል? ደግሞ በኪሎ 500 ሚሊግራም ለ90 ቀን ጉዳት አልታየም የሚል አለ። አባዬ 60 ኪሎ ነው። 500 በ60 ሳባዛው 30 ግራም መጣልኝ። እሱ ግን በቀን ከሦስት ማንኪያ በላይ አይወስድም። ታዲያ ገና ብዙ ይቀረዋል ማለት ነው?

ነጭ_ጋውን | ማክሰኞ፣ ማታ 4:48

52! እንኳን ደረሳችሁ።

ሥርና ቅጠል የተለያየ ነገር ነው። የአንድ ተክል ሥር መርዝ ሆኖ ቅጠሉ ምግብ ሊሆን ይችላል። ሜታኖልና የፈላ ውሃም አንድ አይደሉም። እኛ ቅጠሉን ጥላ ላይ አድርቀን፣ ፈጭተን፣ ሜታኖል ውስጥ ሦስት ቀን እንዘፈዝፈዋለን፣ እናጠልለዋለን፣ ሜታኖሉን አትንነን የቀረውን ሙጫ መሳይ ነገር ነው ለአይጥ የምንሰጠው። ሜታኖል ውሃ የማያወጣውን ያወጣል፤ ውሃ የሚያወጣውን አንዳንዱን ይተዋል። ለእናንተ ቤት ቅርብ የሆነው ሙከራ በውሃ አፍልቶ የወጣው ነው።

አሁን ሒሳቡ። የብዙ ሰው ስህተት ስለሆነ በዝርዝር ልሂድበት። የአይጥን መጠን በሰው ኪሎ ቀጥታ አናባዛም። ትንሽ እንስሳ ሰውነቷ ነገሩን ቶሎ አቃጥላ ታስወግዳለች፣ ስለዚህ በኪሎ ሲታሰብ ከእኛ የበለጠ ትችላለች። መለወጫ አለው። ለትልቋ አይጥ መጠኑን በ6.2 እናካፍላለን፣ ለትንሿ በ12.3።

500 ለ6.2 ሲካፈል ወደ 81 ገደማ። በዚህም አናቆምም። ሰው ከአይጥ በላይ ተጋላጭ ሊሆን ይችላል፣ ሰውና ሰውም ይለያያል፤ ስለዚህ ለመነሻ ቢያንስ በ10 እንደገና ይካፈላል። 8 ሚሊግራም በኪሎ። በ60 ኪሎ 480 ሚሊግራም፣ ግማሽ ግራም እንኳ አልሞላም። ይህ ደግሞ የጭማቂው እንጂ የቅጠሉ አይደለም። ከመቶ ግራም ደረቅ ቅጠል አሥር ግራም ጭማቂ ይወጣል ብንል፣ ግማሽ ግራም ጭማቂ ማለት አምስት ግራም የማይሞላ ቅጠል ነው። ሦስት የሻይ ማንኪያ ዱቄት ስንት ይመዝናል? ዛሬ ቤት ውስጥ የደረቀ ሞሪንጋ በሚዛን አስቀምጬ አየሁት። አንዱ ማንኪያ ሞላ ሲል ሁለት ግራም ተኩል፣ ሦስቱ ሰባት ተኩል። ይሄ የእኔ ሚዛን ነው፣ የእናንተ ዱቄት ሊለያይ ይችላል። ግን «ብዙ ይቀረዋል» የሚለው ሒሳብ እንዴት እንደሚገለበጥ አየሽ።

እንስሳት_ሐኪም | ረቡዕ፣ ጠዋት 3:12

ከእንስሳቱ ወገን አንድ ሰው ይናገር ብዬ ነው። ስለ አይጦቹ ማንም አላነሳም።

ድሮ የአንድን ነገር ገዳይ መጠን ለማወቅ በደርዘን የሚቆጠሩ እንስሳት ይሞቱ ነበር። ግማሹን የሚገድለው መጠን ስንት ነው ተብሎ፣ ግማሹ እስኪሞት። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. ከ1927 ጀምሮ ነው የተለመደው። የኦኢሲዲ መመሪያ ቁጥር 401 ይባል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ተሰርዟል። ነጭ ጋውን የገለጸው ባለ አምስት አይጥ መንገድ እሱን ከተኩት አንዱ ነው። ራስልና በርች የሚባሉ ሁለት እንግሊዛውያን እ.ኤ.አ. በ1959 ያስቀመጡት ሐሳብ ነው መሠረቱ፤ በሌላ መተካት ከተቻለ ተካ፣ ካልተቻለ ቁጥሩን ቀንስ፣ ሥቃዩን አቅልል።

እኔ በተለያየ ጊዜ የእንስሳት ቤት ገብቼ አይቻለሁ። ጥሩውም አለ፣ ልብ የሚሰብረውም አለ። በአንዱ ቦታ አሥራ ሁለት አይጥ በአንድ ኬጅ ታጭቆ፣ ሰጋቱራው ረጥቦ፣ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። እንዲህ የኖረ አይጥ ሳንባው ይታመማል፣ ይጨነቃል፣ አይበላም። ከዚያ ክብደቱ ሲቀንስ «ጭማቂው ነው» ይባላል። ወይም በተቃራኒው፣ መበጥበጫውን ብቻ የወሰዱትም ታመው ልዩነቱ ይጠፋና «ጉዳት የለውም» ይባላል። እንስሳውን መንከባከብ ርኅራኄ ብቻ አይደለም። እንክብካቤ ካልተደረገለት ውጤቱም እውነት አይሆንም።

ነጭ_ጋውን | ረቡዕ፣ ጠዋት 5:40

ሐኪም፣ ልክ ብለሃል። እኔም አንድ ያልተናገርኩት አለ። ተማሪ ሳለሁ አንዲት አይጥ እጄ ላይ ሞተችብኝ። ቱቦውን ወደ ጉሮሮ ሳይሆን ወደ አየር ቧንቧዋ ነበር ያስገባሁት። ስትታገል አየኋት፣ ግን ፈራሁና ፈጥኜ ገፋሁት። በአፍንጫዋ አረንጓዴ አረፋ ወጣ። መዝገቡ ላይ «ሞተች» ብዬ ብቻ ጽፌ ብተወው ኖሮ ተክሉ ገዳይ ነው ይባል ነበር። ደረቷን ከፍተን ሳንባዋ ውስጥ ጭማቂውን አገኘነው። ጥፋቱ የእጄ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሳምንት በውሃ ብቻ ተለማመድኩ። አሁን ተማሪዎቼን አስቀድሜ የማስተምራቸው ይህንን ነው፤ ከታገለች አቁም፣ አውጣው፣ ትተንፍስ።

የጎጃሙ | ረቡዕ፣ ማታ 1:30

ኮሶን ሳታነሳ በፊት የምመልሰው ነበረኝ። አሁን ግን ቆም ብዬ አሰብኩ። አያቴ በመጨረሻ ዘመናቸው ዓይናቸው ደክሞ ነበር። ኮሶ ይወዱ ነበር። ምክንያቱ እሱ ነው አልልም፤ ሽምግልና ነው ብለን ነበር ያለፍነው።

አንድ ጥያቄ ግን ይቀረኛል። እንዶድን አስታውሱ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣው ነው። ይህን ያህል ትልቅ ግኝት ነው። ግን ውጭ ያሉ ተቋማት የደህንነቱ ሙከራ በእኛ ላቦራቶሪ ደረጃ ካልተሠራ አንቀበልም እያሉ ስንት ዓመት ፈጀ! እናቶቻችን ግን ልብሳቸውን ሲያጥቡበት ኖረዋል። ይሄም ለደህንነት ነው ትሉኛላችሁ?

ነጭ_ጋውን | ረቡዕ፣ ማታ 3:02

እሱ እኔንም ያንገበግበኛል። አክሊሉ ለማና ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኙ፤ ሥራው ግን ገና መሬት ላይ አልወረደም ነበር። ሙከራ ይደረግ መባሉ አይደለም ያንገበገበኝ። ያንን ሙከራ እዚሁ፣ ዓለም በሚቀበለው ደረጃ የምንሠራበት ላቦራቶሪ አለመኖሩ ነው። ያ ላቦራቶሪ ቢኖረን ኖሮ «ጠብቁ» የሚለን አይኖርም ነበር።

ደግሞ ሙከራው የሚያስፈልግ ነበር። ልብስ ማጠብና ወንዝ ውስጥ መጨመር አንድ አይደለም። ያንን ውሃ ከብት ይጠጣዋል፣ ሕፃን ይታጠብበታል። እንዶድ ዓይን ያቃጥላል፣ ዓሣም ይገድላል። ይህን ያወቅነው በሙከራ ነው፤ ስንት ይጨመር፣ የት ይጨመር የሚለውም የተገኘው ከዚያ ነው።

የአባቷ_ልጅ | ዓርብ፣ ማታ 2:50

ውጤቱ መጣ። ጉበቱ ደህና ነው ተብሏል። የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው ክሬቲኒኑ ግን ትንሽ ከፍ ብሏል። ሐኪሙ «ከስኳሩም ሊሆን ይችላል፣ ከዱቄቱም ሊሆን ይችላል፣ ከወር በኋላ ደግመን እናየዋለን» አለ። አባዬ ዱቄቱን አቁሟል። ቀላል አልነበረም። «ዘመድ ለፍቶ ያመጣልኝን እጥላለሁ?» አለ። አልጣልነውም። በጠርሙስ አድርገን ከነወረቀቱ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥነው። የ500ውን ሒሳብ ቁጭ ብዬ በወረቀት አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ ሁለቴ ደመረው። ከዚያ ዝም አለ።

አሁን ምን እንደነበረ ማወቅ እፈልጋለሁ። ዱቄቱን ይዤ የት ልሂድ?

ነጭ_ጋውን | ዓርብ፣ ማታ 3:15

ከዱቄት ማንነቱን ለማወቅ ከባድ ነው። ተክሉን ካገኛችሁት ግን አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ግቢ ውስጥ ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ ማለትም የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማከማቻ፣ አለ። እኛም ከማንኛውም ሙከራ በፊት መጀመሪያ የምንሄደው እዚያ ነው። ባለሙያው ለይቶት ቁጥር ካልሰጠው ጥናታችን ዋጋ የለውም።

ቅጠል ብቻ እንዳታመጪ። አበባ ወይም ፍሬ ያለበት ቅርንጫፍ ያስፈልጋል፣ ሥሩም ቢጨመር ጥሩ ነው። በጋዜጣ መካከል ዘርጊው፣ ከላዩ ከባድ መጽሐፍ ጫኚበት፣ ጋዜጣውን በየቀኑ ለውጪ፤ ካልሆነ ይሻግታል። የተቆረጠበትን ቦታና ቀን፣ እዚያ ሰው ምን ብሎ እንደሚጠራው ጻፊበት።

የአባቷ_ልጅ | ዓርብ፣ ማታ 3:40

ዘመዳችን ጋ ደወልኩ። ከጓሮው ነው ያለው፣ አሁን አበባ አውጥቷል። ቅዳሜ በጠዋቱ መኪና ከነሥሩ ነቅሎ ይልክልኛል። አባዬ አሮጌ ጋዜጦቹን ከአልጋው ሥር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደርድሯቸዋል።